ለ30 እንግዳ በቤከን የተጠቀለለ አፒታይዘር፦ ከላይ አሮ ከሥር ልፍስፍስ እንዳይል

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ማታ 30 ሰው ያህል ቤቴ ይመጣል። ከእራት በፊት በቤከን የተጠቀለለ ቴምር፣ ሽሪምፕና ዶሮ ላቀርብ አስቤያለሁ። ባለፈው ለሙከራ ስሠራው ከላይ አረረ፣ ከሥር ግን ቤከኑ ነጭና ልፍስፍስ እንዳለ ቀረ። ሽሪምፑ ደረቀ። ስቴኪኒውም ጠቁሮ እጅ ላይ ይሰበር ነበር። ያለኝ አንድ ኦቨን ነው። የት ላይ ነው የተሳሳትኩት? ቀድሜ ሠርቼ ማስቀመጥስ እችላለሁ? ስንት ፍሬ ይበቃኛል?

ምላሽ፦ መልሱ ረዘም ስለሚል ዋናውን ላስቀድም። ቴምሩን ይሥሩ። ዶሮውንም ይሥሩ፣ አቆራረጡ ላይ ግን ይጠንቀቁ። ሽሪምፑን ለ30 ሰው በአንድ ኦቨን አልመክርም። የግድ ካሉ ዘዴ አለው፣ ወደ ታች እነግርዎታለሁ። ቀድሞ ማዘጋጀትም ይቻላል። የትኛው እንደሚቻልና የትኛው እንደማይቻል መለየት ነው ቁም ነገሩ።

አሁን ወደ ምክንያቱ እንግባ። ቤከን በጨው የተቀመመ፣ አብዛኛውን ጊዜም ጭስ የጠገበ የአሳማ ሆድ ሥጋ ነው። ከክብደቱ ሲሶ የሚሆነው፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የሚሆነው ስብ ነው። ኮሽ ኮሽ የሚለው ይህ ስብ ቀልጦ ሲወጣና በውስጡ ያለው ውሃ ሲተን ብቻ ነው። ስብ ደግሞ ጥድፊያ አይወድም። ተራ ውፍረት ያለው ዝልዝል ትሪ ላይ ተዘርግቶ እንኳ በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይፈጃል። ሲጠቀለል የባሰ ይዘገያል። አንዱ ገጹ ብቻ ለሙቀቱ ይጋለጣል፣ ሌላው እርጥብ ነገር ላይ ተለጥፎ ይቀመጣል። ስለዚህ ለጥቅልል ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ማሰብ ነው።

ሽሪምፕ በዚያው ሙቀት 8 ደቂቃ እንኳ ቢቆይ ይበቃዋል። በ25ኛው ደቂቃ ላይ ምን እንደሚሆን እርስዎ አይተውታል። ቴምር ግን ኦቨን ውስጥ ግማሽ ሰዓት ቢቆይ ግድ የለውም፣ እንዲያውም ይለሰልሳል። ዶሮ መሃል ላይ ነው። በትክክል ከተቆረጠ ከቤከኑ እኩል ይደርሳል። ለብዙ ሰው ሲሠሩ ምን ልጠቅልል የሚለውን በዚህ ይለኩት። ቤከኑን የሚጠብቅ ነገር ይግባ፣ የማይጠብቀው ለሌላ ቀን ይቆይ። የጣዕሙ ጉዳይ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ቤከን አብሮት የማይጣፍጥ ነገር እንደሆነ ጥቂት ነው።

ከሥር ነጭ ሆኖ የቀረው ጠፍጣፋ ትሪ ላይ ስለደረደሩት ይመስለኛል። የቀለጠው ስብና ከውስጥ የወጣው ውሃ ከሥሩ ተጠራቀመ። የላዩ ተጠበሰ፣ የታቹ ተቀቀለ። መፍትሔው ቀላል ነው። ትሪው ላይ ኬክ የሚቀዘቅዝበት ዓይነት የሽቦ መደርደሪያ ያስቀምጡ፣ ጥቅልሎቹን እሱ ላይ ይደርድሩ። ስቡ ወደ ታች ይንጠባጠባል፣ ሙቀቱም ከሥር ይገባል። ሽቦው በፕላስቲክ ነገር የተለበጠ አለመሆኑን ብቻ ያረጋግጡ። መደርደሪያ ከሌለዎት ፎይል ጨብጠው እንደ አኮርዲዮን ያሸብሽቡትና ትሪው ላይ ይዘርጉት። ጥቅልሉ ጉብታው ላይ ይቀመጣል፣ ስቡ ሸለቆው ውስጥ ይወርዳል። እንደ ሽቦው ባይሆንም ይሠራል።

ከላይ ያረረው ደግሞ ማር ወይም ስኳር ከመጀመሪያው ቀብተውት ሊሆን ይችላል። ካልቀቡት ትሪው ለላይኛው እሳት ተጠግቶ ነበር ማለት ነው። ስለ ስኳሩ ለብቻው እመለስበታለሁ።

ቤከን ሲገዙ «ወፍራም» የሚለውን ይተዉት። ወፍራሙ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፣ ተራው የዚያን ግማሽ። ወፍራሙ ለቁርስ ቆንጆ ነው። ለጥቅልል ግን ስቡ ሳይወጣ ውስጡ ያለው ነገር ያልፍበታል፣ ሲታጠፍም እምቢ ይላል። በጣም ስሱም አይሆንም፣ ቀዳዳ ያወጣል። ተራው ይበቃል። 450 ግራም በሚመዝን ጥቅል ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ16 እስከ 20 ዝልዝል ይገኛል።

ከፍሪጅ እንደወጣ ዝልዝሎቹን ሳይነጣጥሉ፣ እንደተደራረቡ፣ በስለታም ቢላ መሃል ለመሃል ይቁረጧቸው። አንድ ቢላ፣ አንድ ጊዜ፣ አለቀ። አንድ በአንድ እያነሱ በመቀስ መቁረጥ ለ10 ፍሬ ይሆናል፣ ለ100 ግን አያዋጣም። ቤከን ሲሞቅ ይንሸራተታል፣ እርስ በርሱም ይጣበቃል። ስለዚህ ሲቆርጡት ቀዝቃዛ ይሁን። ሲጠቅልሉት ግን 10 ደቂቃ ያህል ውጭ ቆይቶ ትንሽ ቢለሰልስ ይሻላል፣ አለበለዚያ ይቀደዳል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው አያደርገውም። ቁራጩን መክተፊያ ላይ ይዘርጉና አንዱን ጫፍ በጣትዎ ይጫኑት። በሌላ እጅዎ ቢላ ይያዙና በጀርባው፣ ጋደም አድርገው፣ ከያዙት ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ገፋ ያድርጉ። ሲሳሳና ሲረዝም ዓይንዎ እያየ ነው። ስቡ ነጣ ብሎ ብርሃን ያሳልፋል። እንዲህ የተሳበ ቤከን ቶሎ ይበስላል፣ ኦቨን ውስጥም ብዙ አይኮማተርም፣ ጥቅልሉም አይፈታም። ለአንዱ ሦስት ሰከንድ ቢፈጅ ነው።

አሳማ የማይበላ እንግዳ ይኖር እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። የበሬ ቤከን ስብ ስላለው አሠራሩ ብዙም አይለይም፣ ትንሽ ደረቅ ብሎ ለመታጠፍ ቢያስቸግር ነው። የቱርክ ቤከን ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ስቡ በጣም ያነሰ ነው። አይኮማተርም፣ ስለዚህ አይጨብጥም፣ ያለ ስቴኪኒ ይፈታል። ዘይት በብሩሽ ይቀቡትና ከተባለው ጊዜ 5 ደቂቃ ቀድመው ማየት ይጀምሩ። የትኛውንም ቢመርጡ ትሪው፣ መደርደሪያውና ማንሻው ለብቻ ይሁን። ስብ የሚንጠባጠብበት ሽቦ ላይ ጎን ለጎን ደርድሮ «ይሄኛው አሳማ የለበትም» ማለት አይቻልም።

ወደ ቴምሩ ልምጣ፣ የምወደው እሱን ስለሆነ። ትልቁን፣ ሥጋማውን፣ መጁል የሚባለውን ካገኙ ይግዙ። በአንድ ጎኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሰንጥቁት፣ ማዶ ግን እንዳይደርስ። ፍሬውን ያውጡ። ከፍሬው ጋር ጫፉ ላይ የምትቀር ደረቅ ቆብ አለች፣ እሷንም ያንሱ። «ፍሬው የወጣ» ተብሎ የተሸጠ ቴምርም ቢሆን አንድ በአንድ በጣትዎ ይዳብሱት። ከመሃላቸው አንዱ ፍሬ ይዞ ይገኛል፣ ያም የሰው ጥርስ ላይ ነው የሚያርፈው። ቴምሩ የደረቀ ከሆነ ለብ ባለ ውሃ 10 ደቂቃ ይዘፍዝፉና በደንብ ያድርቁት።

ውስጡ አንድ አልሞንድ ቢገባ የሚቆረጠም ነገር ያገኛል። የፍየል አይብ ወይም ክሪም ቺዝ ከሆነ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ አይብለጥ። ሲበዛ ይፈላል፣ ይፈስና ሽቦው ላይ ያርራል። ከዚያ ስንጥቁን ግጥም አድርገው ይዝጉ። ቤከኑ ሲዞርበት መጀመሪያ የሚሸፍነው ስንጥቁን ይሁን። ትልቅ ቴምር ግማሽ ዝልዝል ይፈልጋል፣ ለትንሹ ሲሶ ይበቃል። ቤከኑ አንድ ዙር ዞሮ ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ይደራረብ። ከዚያ በላይ ከተደራረበ ከሥር ያለው ክፍል አይበስልም። ያንን ነጭ ልፍስፍስ ነገር ከሚያመጡት አንዱ ይሄ ነው። የተረፈውን ጫፍ ሳይሳሱ ይቁረጡት።

ለዶሮ ደረቱን ሳይሆን ታፋውን ይጠቀሙ። ደረት 74 ዲግሪን ትንሽ ካለፈ ደረቀ ማለት ነው፣ ታፋ ግን 80 ቢደርስም ምንም አይል። አጥንትና ቆዳው ይውጣ። በየአቅጣጫው 2.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ ይሁን፣ አንድ ጉርሻ ማለት ነው። ከዚህ ከተለቀ ቤከኑ ደርሶ ዶሮው ጥሬ ይሆናል። መጠናቸው እኩል መሆኑ ከቅርጻቸው ማማር ይበልጣል። በወጥ ቤት ሶፍት ያድርቁት። ቁንዶ በርበሬ፣ ፓፕሪካ፣ የነጭ ሽንኩርት ዱቄት ይነስንሱበት። ጨው አይጨምሩ! ቤከኑ ለሁለቱም የሚበቃ ጨው ይዞ ነው የሚመጣው። ይህ ለሁሉም ጥቅልል ይሠራል።

ዶሮውን በዓይን አይፍረዱ። ቤከን የሚቀመምበት ናይትራይት የሚባል ጨው የነካውን ሥጋ ቀላ አድርጎ ያስቀረዋል፣ በደንብ በስሎም ቢሆን። ስለዚህ ቀላ ያለው ሁሉ ጥሬ አይደለም፣ የነጣው ሁሉም የበሰለ ነው ብሎ መማል አይቻልም። ርካሽ የምግብ ቴርሞሜትር ይግዙ። ከትሪው መሃልና ከጥግ ሁለት ሦስት ጥቅልል መርጠው ወደ መሃላቸው ይውጉት። 74 ዲግሪ ካሳየ ጨርሰዋል።

ሽሪምፑን አልተውም ካሉ ዘዴው ይሄ ነው። ቤከኑን ብቻውን በ200 ዲግሪ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ያስቀድሙ። ስቡ መፍሰስ ሲጀምር፣ ዝልዝሉ ግን ገና ሲታጠፍ ያውጡት። ሶፍት ላይ ያንጠፍጥፉት። እጅ የማያቃጥል ሲሆን ትልልቅ፣ የተላጡና በሶፍት የደረቁ ሽሪምፖችን በሲሶ ዝልዝል ይጠቅልሉ። ወዲያው 220 ዲግሪ በሆነ ኦቨን ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይግባ። ግማሽ ክብ ሲሠራ ደርሷል። ጭራውና ራሱ ተገናኝተው ቀለበት ከሆነ አልፎበታል። አሁን ይህን ለ50 ሽሪምፕ፣ እንግዳ ሳሎን ተቀምጦ፣ ቴምሩና ዶሮው ኦቨኑን ይዘው ሳሉ ያስቡት። ለስድስት ሰው እራት ግን ደስ እያለኝ የምሠራው ነገር ነው።

ሌላ ሦስተኛ ዓይነት ከፈለጉ ቀድሞ የበሰለ ትንንሽ ቋሊማ በጣም ይመቻል፣ ምንም ቢቆይ አይጎዳም። በክሪም ቺዝ የተሞላ ቃሪያም ቤከኑን ይጠብቃል። ድንች ከሆነ ግማሽ ያህል ይቀቀል። እንጉዳይ ውሃ ያወጣል፣ አናናስም እንዲሁ። እነሱን ለብዙ ሰው አልሠራም። ግን እውነቱን ልንገርዎ፣ ሁለት ዓይነት ይበቃል። እንግዳ «ሦስተኛው የታለ?» ብሎ አይጠይቅም። ትኩስ መሆኑን ነው የሚያየው።

ስቴኪኒ ብዙ ሰው የሚያጠፋበት ቦታ ነው። እኔ ኦቨን ውስጥ ባላስገባው እመርጣለሁ። ጥቅልሉን የቤከኑ ጫፍ ወደ ታች ሆኖ ሽቦው ላይ ያስቀምጡት። በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ቤከኑ ጠንከር ይልና ጫፉ ይጣበቃል፣ ከዚያ ቢገለበጥም አይፈታም። ሲቀርብ ንጹሕ ስቴኪኒ ይሰኩበታል። አይቃጠልም፣ ሲያዩትም ያምራል። ለቴምርና ለአሳማ ቤከን ይህ ያለ ችግር ይሠራል። ዶሮው ግን ሙልጭልጭ ስለሆነ እንዲያዝ ከፈለጉ ይሰኩት። ያልተቀባ የእንጨት ስቴኪኒ ይሁን፣ 30 ደቂቃ ውሃ ውስጥ ይዘፍዝፉት። የፕላስቲክ ወይም ጫፉ ላይ ባለቀለም ወረቀት ያለበት ኦቨን አይገባም። ሲሰኩ ጫፉ በደንብ ወጥቶ ይታይ። ሥጋ ውስጥ ተቀብሮ የቀረ ስቴኪኒ ጉሮሮ ላይ ነው የሚታወቀው። ከማቅረብዎ በፊት የሚያወጡት ከሆነም የሰኩትን ይቁጠሩ፣ ያወጡትንም ይቁጠሩ።

ኦቨኑን 200 ዲግሪ ላይ አድርገው በደንብ እስኪግል ይጠብቁ። ማራገቢያ ያለው ከሆነ 180 ይበቃል። ትሪው ጠርዝ ያለው ይሁን፣ ሙሉ በሙሉ ፎይል ይልበስ። በጥቅልሎቹ መካከል ሁለት ሴንቲ ሜትር ይተዉ። ሲጠጋጉ እንፋሎቱ መውጫ ያጣና ይቀቅላቸዋል። በአንድ የቤት ትሪ 40 ፍሬ ከደረደሩ ያቁሙ። ሁለት ትሪ አብሮ ሲገባ አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች ይሆናል። በ12ኛው ደቂቃ ግድም ቦታቸውን ይለዋውጡ፣ የፊቱንም ወደ ኋላ ያዙሩት። በዚያው ጥቅልሎቹን ይገልብጡ። አንድ ትሪ 25 ደቂቃ ከፈጀ ሁለት ትሪ 30 ሊፈጅ ይችላል። ሰዓቱን ሳይሆን ቤከኑን ይመኑ። ዳር ዳሩ ወርቃማ ቡናማ ሲሆን፣ ነጩ ስብ ብርሃን የሚያሳልፍ ሲመስልና ትልልቁ አረፋ ጋብ ሲል ደርሷል። ኦቨን ውስጥ ሳለ ለስላሳ ቢመስል አይደንግጡ፣ ከወጣ በኋላ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይጠነክራል።

ጭሱ ከየት እንደሚመጣ ልንገርዎ። የጋለው ትሪ ላይ የተጠራቀመ ስብ ነው። በአንዱና በሚቀጥለው ዙር መካከል ስቡን ያፍስሱና ፎይሉን ይቀይሩ። ሰው ሞልቶ ቤቱ በጭስ ከሚታፈን ሁለት ደቂቃ ማጥፋት ይሻላል። ስቡን የእቃ ማጠቢያው ውስጥ አይድፉት፣ ቱቦ ውስጥ ይረጋል። ጣሳ ውስጥ ያቀዝቅዙት። ድንገት ኦቨን ውስጥ እሳት ከተነሳ በሩን እንደተዘጋ ይተዉትና ኦቨኑን ያጥፉት። ውሃ በጭራሽ!

አሁን ስኳሩ። በቤከን ላይ ቡናማ ስኳር ወይም ማር ማለፊያ ነው፣ እስማማለሁ። ግን ማር በ200 ዲግሪ 25 ደቂቃ አይችልም፣ ይጠቁራል፣ ይመርራል። የሚቀባው በመጨረሻዎቹ 5 ደቂቃዎች ነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቡናማ ስኳር፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሰናፍጭ፣ ለማቅጠኛ ትንሽ ኮምጣጤ፣ ቁንዶ በርበሬ ይቀላቅሉ። ለ50 ፍሬ ስስ አድርጎ ለመቀባት ይበቃል። ይህ ለዶሮው ነው። ቴምሩ የራሱ ስኳር አለው፣ ምንም አይጨምሩበት። ማር የተቀባ ቴምር በቤከን በልቻለሁ፣ ከሁለተኛው በኋላ ውሃ ነው የሚያስጠራው።

ወደ ቁጥሩ ስንመጣ፣ ከኋላው እራት ካለና ጠረጴዛው ላይ ሌላም የሚቀመስ ነገር ካለ ለአንድ ሰው 3 ፍሬ ያስቡ። ለ30 ሰው 90 ነው። 10 ይጨምሩ፣ የሚፈታ ይኖራል፣ እርስዎም ይቀምሳሉ። 50 ቴምር፣ 50 ዶሮ። ሁሉም ግማሽ ዝልዝል ከሆነ 50 ዝልዝል ማለት ነው። ሦስት ባለ 450 ግራም ጥቅል ይበቃል፣ ብዛቱን ግን ሲገዙ ይቁጠሩ። መጁል ቴምር አንዱ ከ20 ግራም በላይ ስለሚመዝን ከአንድ ኪሎ ትንሽ ጨምረው ይግዙ። አጥንቱ የወጣ የዶሮ ታፋ አንድ ኪሎ ይበቃል። ሌላ የሚቀመስ ነገር ከሌለና ይሄው ብቻ ከሆነ ወደ 5 ያሳድጉት። ከእራት በፊት ግን ከዚያ በላይ አይሂዱ። ቤከን ቶሎ ያጠግባል፣ እራትዎን ማን ይብላው?

ዓርብ ማታ ሁሉንም ይጠቅልሉ። ቴምሩ አንድ ትሪ ላይ፣ ዶሮው ሌላ ትሪ ላይ፣ ጫፉ ወደ ታች ሆኖ፣ ተሸፍኖ ፍሪጅ ይግባ። ጥሬ ዶሮ ያለበት ትሪ ከታችኛው መደርደሪያ ላይ ይሁን፣ ምንም ነገር ላይ እንዳይንጠባጠብ። ሥራው ያለው እዚህ ነው። ቁጭ ብለው፣ አንድ ሰው ቢያግዝዎት፣ እያወሩ ያልቃል። ቅዳሜ የሚቀርዎት ኦቨን ማስነሳት ብቻ ነው።

እንግዳ ከሚገባበት 50 ደቂቃ ቀድመው 40 ቴምርና 40 ዶሮ ያስገቡ። ከፍሪጅ በቀጥታ ስለሚመጡ 3 ደቂቃ ያህል ይጨምሩላቸው። ቀሪዎቹን 20 ፍሪጅ ውስጥ ይተዉ። ግማሽ ሰዓት የዘገየው እንግዳ ሲመጣ ሁለተኛው ዙር ከኦቨን ይወጣል። ቀድሞ የመጣውም እንደገና እጁን ይዘረጋል።

ሰው ከዘገየ የበሰለውን እዚያው ሽቦው ላይ እንዳለ ኦቨኑን ወደ 95 ዲግሪ ዝቅ አድርገው ያቆዩት። በሩን ለአፍታ ከፍተው ሙቀቱን ያብርዱ፣ አለበለዚያ መብሰሉን ይቀጥላል። ግማሽ ሰዓት በደህና ይቆያል። ፎይል አይሸፍኑበት! እንፋሎቱ ይመለስበትና የለፉበት ሁሉ ውሃ ይበላዋል። ጠረጴዛ ላይ ሲያወጡም መቶውን በአንድ ሰፊ ሳህን አይዘርግፉት። 20፣ 20 እያደረጉ ያቅርቡ። የበሰለ ሥጋ ከ60 ዲግሪ በታች ወርዶ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። ቦታው ከ32 ዲግሪ በላይ የሚሞቅ ከሆነ ከ1 ሰዓት አይለፍ።

አንድ ነገር ግን አያድርጉ። ጊዜ ለመቆጠብ ብለው ዶሮውን ዓርብ በግማሽ አብስለው ፍሪጅ አስገብተው ቅዳሜ አይጨርሱት። ግማሽ የበሰለ ሥጋ ለባክቴሪያ በሚመች ሙቀት ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ጀርሞቹም አልሞቱም። ወይ ጥሬውን ያሳድሩ፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ያብስሉት። ሙሉ የበሰለው በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ገብቶ፣ በማግስቱ በ190 ዲግሪ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይሞቃል። ውስጡ 74 መድረሱን ያዩታል። ለቴምር ይህ በጣም ይሠራል። ዶሮው ትንሽ ይደርቃል።

ከሳምንት በፊት መሥራት ከፈለጉም ቴምሩ ይፈቅዳል። ጠቅልለው ትሪ ላይ ሳይነካኩ በረዶ እስኪሆኑ ፍሪዘር ውስጥ ያቆዩዋቸዋል፣ ከዚያ አየሩን አስወጥተው በከረጢት ያስቀምጧቸዋል። አንድ ወር ድረስ ጣዕሙ አይጎዳም። ሳይሟሟ ነው ኦቨን የሚገባው፣ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይጨመርለታል። ውስጡ አልሞንድ ይሁን እንጂ ክሪም ቺዝ አይሁን፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ይፈረፈራል። አልሞንድ ካለ ደግሞ ለእንግዶች መናገር እንዳይረሳ። ትንሽ ካርድ ላይ ጽፎ ከሳህኑ አጠገብ ማድረግ ይበቃል።

ኤር ፍራየር ካለዎት ለሁለተኛው ዙር ይጠቀሙበት። በ190 ዲግሪ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይበቃዋል፣ ሳይደራረቡ ግን። ለመቶ ፍሬ ብቻውን አይሆንም፣ ቅርጫቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲሞላና ሲራገፍ ያድራል። መጥበሻ ላይ ማድረግም ይቻላል፣ ግን እያንዳንዱን በአራት ጎኑ ማገላበጥ ስላለብዎት እንግዳዎን ሳያዩት ይሄዳል።

ከተረፈ በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ያስገቡት፣ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል። ሲያሞቁት በኤር ፍራየር ወይም በኦቨን ይሁን። ማይክሮዌቭ ቤከኑን መልሶ ያልፈሰፍሰዋል።